ጉባኤው ለምን ዝም ይላል? መዝሙር መሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በየአጥቢያው የሚያገለግሉ ወጣት መዘምራንን እወዳቸዋለሁ። ይለማመዳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ድምፃቸውም ጥሩ ነው። አንድ ስህተት ግን ከእሁድ እሁድ እየተደጋገመ አስቸግሮኛል። ከእሱ ልጀምር።

መዝሙሩን በራስ ድምፅ ልክ ማንሳት። ዘማሪው አልበሙ ላይ ከፍ ባለ ኪይ፣ ማለትም ከፍ ባለ የድምፅ መነሻ ዘምሮታል። መሪው ያንኑ ኪይ ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። አዝማቹ ሲደርስ ፊት ያሉት እናቶች ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ኋላ የቆሙት አባቶች አንድ ኦክታቭ ወርደው፣ ማለትም ያንኑ ዜማ በወፍራም ድምፅ ይዘው ያጉተመትማሉ። መሪው ዓይኑን ጨፍኗል፣ ይህን አያይም። ከዚያ «ወገኖች፣ እንዘምር እንጂ!» ይላል። ወገኖች እኮ እምቢ አላሉም፤ አልደረሱበትም! በሳምንት አንዴ አፉን ከፍቶ ሊያመሰግን የመጣን ሰው ዝም አሰኝቶ መልሶ መውቀስ ልክ አይደለም። ኪዩ የጉባኤው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመዝሙሩን ጫፍ፣ ማለትም ከፍተኛውን ኖታ ፈልጉ። ለሴቶች ጫፉ ከመካከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ያለው ሲ ወይም ዲ ላይ ቢያርፍ ብዙ ሰው ይደርስበታል። ወንዶች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ይዘምሩታል። መዝሙሩ በጂ ሆኖ ጫፉ ኢ ከሆነ ወደ ኤፍ አውርዱት፤ ጫፉ ዲ ይሆናል። ማለዳ ላይ ድምፅ ገና ስላልተፍታታ ሌላ ግማሽ ድምፅ ብትቀንሱም አይከፋም።

በመጨረሻው ዙር ኪይ መጨመር ካማራችሁ፣ አንዴ ይበቃል።

ፍጥነትም ላይ ችግር አለ፣ በተለይ ችክችካ ላይ። ጭብጨባው ይሞቃል፣ ድራመሩ ጭብጨባውን ይከተላል፣ ጭብጨባው ደግሞ ድራመሩን። በደቂቃ 110 ምት የተነሳው መዝሙር 130 ላይ ያልቃል፤ ቃሉም ይዋጣል። የጎንደር ሰው ትከሻ ችክችካን ያውቀዋል። ትከሻው ቆሞ ሰዉ መዝለል ብቻ ከጀመረ ምቱ አልፎታል ማለት ነው። ድራመር ሆይ፣ ቤዝ ተጫዋቹን እንጂ ጉባኤውን አትከተል። መሪውም ከማንሳቱ በፊት ቃል የበዛበትን ስንኝ በልቡ ይዘምረው። ትንፋሽ ካጠረው ፈጥኗል። በዝግታ መዝሙር ላይ ደግሞ አንዱን ስንኝ ለመጨረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መተንፈስ ካስፈለገ ጎትታችሁታል።

መብራት የጠፋ ዕለት መቸኮል። አንድ እሁድ አዘዞ አካባቢ መዝሙሩ መሐል ላይ መብራት ሄደ። ጉባኤው አላቋረጠም፣ በጭብጨባ ብቻ ቀጠለ። እንዴት ደስ ይል ነበር! መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዲስቱ ወዲያው ገባ። ትራንስፖዙ፣ ማለትም ጣት ሳይቀየር ኪዩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ፣ ፕላስ 3 ላይ ነበር፤ ኪቦርዱ ጠፍቶ ሲበራ ግን ወደ ዜሮ ተመልሷል። ጣቶቹ የያዙት ያንኑ ነው፣ የወጣው ግን አንድ ተኩል ድምፅ የወረደ ነው። መዝሙሩ እዚያው ፈረሰ። ትራንስፖዙ ቢስተካከል እንኳ ያለ መሣሪያ የሚዘምር ጉባኤ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ኪዩን ያወርዳል። ስለዚህ ድምፁን ቀንሱና በአንድ ጣት ጉባኤው ያለበትን ፈልጉ። በሁለት ኪይ መካከል ካገኛችሁት መዝሙሩ እስኪያልቅ አትግቡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ያለ ትራንስፖዝ በኤፍም በቢ ፍላትም መጫወት መልመድ ነው።

ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የተሠራባቸውን ኖታዎች፣ በኮርድ (አብረው በሚመቱ ኖታዎች) ማጥፋት። ይህ ስሜቱን የሚገድል ስህተት ነው። ከቅኝቶቻችን አንዱን፣ አምባሰልን፣ ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ኢ የለበትም፣ ኢ ፍላትም የለበትም። ኪቦርዲስቱ ግን ከልማድ ሲ ሜጀርን ሙሉውን ይጫናል። ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኢ ይገባና ያ የሚያባባ ዜማ ወዙን ያጣል። ማሲንቆ እየሰሙ ያደጉ እናቶቻችን ቅኝቱን በስም ባይጠሩትም ሲበላሽ ያውቃሉ። እዚህ ቦታ ሲና ጂን ብቻ ያዙ፣ ወይም ኤፍ ማይነር ሞክሩ። ክፍተቱን አትፍሩት።

የንስሐ ግጥም ላይ ችክችካ አትጫኑ። ከፈጣን መዝሙር ወደ ዝግታ ስትሻገሩም ድራሙ አስቀድሞ ይውጣ፣ ኪቦርዱ አንድ ኮርድ ይዞ ይቆይ፣ ሰዉም ትንፋሹን ይሰብስብ። ቀጣዩን መዝሙር ከዚያ በኋላ አንሱ።