የደጋ ዛፎችን ከዘር ማፍላት፦ ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ወይራ

የደጋ ደን አንዴ ከተመነጠረ ቦታው ስለተከለለ ብቻ ተመልሶ አይበቅልም። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው አብዛኞቹ የደጋ ዛፎች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የሚቆይ ዘር የላቸውም። እናት ዛፉ ተቆረጠ ማለት ዘሩም አለቀ ማለት ነው።

የአየር ንብረት ለውጡ ደግሞ ሌላ ጫና ጨምሯል። 100 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋው በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ዛፉ የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ከ150 እስከ 170 ሜትር ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ከደኑ በላይ ያለው ግን የገብስ ማሳና የግጦሽ መሬት ነው፤ ተራራውም ጫፍ አለው። በትግራይ ምሥራቃዊ ገደል ላይ በሚገኘው የደስአ ደን ጽድና ወይራ በቁማቸው ደርቀዋል፤ ይበልጥ የተጎዳውም ዝቅተኛው የደኑ ክፍል ነው። ዘሩን ተሸክሞ ወደሚስማማው ቦታ ማድረስ የሰው ሥራ ሆኗል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል።

ዘሩ ከየት ይለቀም?

የችግኝ ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ ለመቆፈር የሚወጣው ጉልበት ሩቡ እንኳ ለዘር አይወጣም።

ኮሶ፣ ጽድና ዝግባ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። በአንድ አጥቢያ ሁለት ሴት ኮሶዎች ቀርተው በአካባቢው ያሉት ወንዶች ለጣውላ ከተቆረጡ አበባው ያምራል፤ ዘሩ ግን ባዶ ይሆናል። የሴቷ ኮሶ አበባ ቀላ ያለና ከባድ ዘለላ ነው። የወንዱ ሳሳ ያለ ነው፤ ቀለሙም ወደ ነጭና ብርቱካንማ ያደላል። ዛፎቹ ሲያብቡ ዞራችሁ እዩና ሴቶቹን በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።

ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች፣ እርስ በርሳቸው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚራራቁ፣ እኩል መጠን ልቀሙ። ከአንድ ዛፍ ብቻ የተለቀመ ዘር የአንድ እናት ልጆችን ነው የሚሰጠው፤ እነሱ አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚወለደው ዘር ደካማ ይሆናል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን 30 እናት ዛፍ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ሲሆን በተመሳሳይ ከፍታ ካሉ ከሦስት ወይም ከአራት አጥቢያዎች ሰብስባችሁ ቀላቅሉ። ከየዛፉ ላይ ቢያንስ ግማሹን ፍሬ ለወፎችና ለራሱ ለደኑ ተዉለት።

ሙቀቱን ታሳቢ በማድረግ የምንመክረው ይህን ነው፦ ከዘሩ ሁለት ሦስተኛው ከምትተክሉበት ከፍታ፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ከ150 እስከ 200 ሜትር ዝቅ ካለ ቦታ፣ ከዚያው ከተራራው ወይም ከአጎራባቹ ይምጣ። ሙቀት የለመዱት ዛፎች ከታች ያሉት ናቸው። ከዚህ በላይ ወርዳችሁ ከወይና ደጋ ያመጣችሁትን ዘር ውርጭ ወደሚወርድበት ቦታ ብትወስዱ ግን ቡቃያው ገና በመጀመሪያው ኅዳር ይቃጠላል።

ከመዝራታችሁ በፊት ከየዛፉ 50 ዘር በምላጭ ቁረጡና ውስጡን እዩ። ጤነኛ ዘር ውስጡ ነጭና ጠጣር ነው፤ ባዶ ወይም ቡናማ የሆነው አይበቅልም። ከግማሽ በላይ ባዶ ከሆነ ሌላ ዛፍ ፈልጉ፤ ሌላ ከሌለ እጥፍ ዝሩ።

እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው

ኮሶ፦ ዘለላው ከቀይ ወደ ቡናማ ሲለወጥና በእጅ ሲታሽ በቀላሉ ሲፈረፈር ቁረጡት። በጥላ ሥር በሸራ ላይ ጥቂት ቀናት አድርቁት፣ በመዳፍ እሹት፣ ከዚያ በወንፊት ንፉት። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አለ። አፍ በሚዘጋ ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ዓመት ሳይሞላው ኃይሉን ያጣል። ሲዘራ ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በመደቡ ላይ በትኑት። ከላይ የሚለብሰው አሸዋ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በኮሶ ላይ የሚታየው ትልቁ ጥፋት በጥልቀት መቅበር ነው፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር ከጥልቅ አፈር ገፍቶ ለመውጣት ስንቅ የለውም። ሁለተኛው ጥፋት በባልዲ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ዘሩ ተጠርጎ የመደቡ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። መደቡን በስስ ሣር ሸፍናችሁ ሣሩ ላይ በደቃቅ ወንፊት አጠጡ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መብቀል ሲጀምር ሣሩን አንሱት።

ጽድ፦ ፍሬው አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥና ነጣ ያለ ዱቄት መሰል ነገር ሲለብስ ደርሷል። ለአንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፋችሁ ከአሸዋ ጋር በወንፊት ላይ እሹት። የተላቀቀውን ዘር እንደገና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ባዶ ስለሆነ ይጣላል። ጽድ ባዶ ዘር በማብዛት ይታወቃል፤ በዚህ ተስፋ አትቁረጡ።

ጥቁር እንጨት፦ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ አገር ተልጦ ያለቀ ዛፍ ነው። ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ዘሩን እንደ እህል ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይሞታል። ወይን ጠጅ መልክ የያዘውን ፍሬ ለቅማችሁ ሥጋውን በዚያው ቀን ግፈፉ፣ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ገፅታው ብቻ እስኪደርቅ አቆዩትና በሳምንት ጊዜ ውስጥ ዝሩት። ዘር ካመለጣችሁ በክረምት ከእናት ዛፉ ሥር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የደረሱ ቡቃያዎችን ከነአፈራቸው እየነቀላችሁ ወደ ከረጢት አዛውሯቸው። በጥላና በከብት ኮቴ ከሚያልቁት መካከል ጥቂቱን ማንሳት ደኑን አይጎዳውም።

ዝግባና ወይራ ላይ ችግሩ ቅርፊት ነው። ፍሬውን ዘፍዝፋችሁ ሥጋውን ካወለቃችሁ በኋላ ጠንካራውን ቅርፊት በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ሰንጥቁት፤ ውስጡ እንዳይጨፈለቅ ተጠንቀቁ። ሳይሰነጠቅ የተዘራ ዝግባ ወራት ይፈጃል፣ ሲወጣም አንድ ላይ አይወጣም።

ችግኝ ጣቢያው

የተከላው ቀን ሐምሌ ከሆነ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኮሶ 6 ወር ገደማ ስለሚበቃው በታኅሣሥ ወይም በጥር ይዘራል። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ዓመት ያህል ስለሚፈልጉ ካለፈው ክረምት ጀምሮ መዘራት አለባቸው። ሁሉንም በየካቲት የሚዘራ ጣቢያ በሐምሌ ጣት የምታህል ጽድ ያስረክባል፤ እሷም በጋውን አታልፍም።

ለከረጢቱ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ከጽድ ዛፍ ሥር የተነሣ ጥቂት አፈር ጨምሩበት፤ ከሥሩ ጋር ተዳብሎ ውሃና ማዕድን የሚያቀብለው ሻጋታ ያለው እዚያ ነው። በጆንያ ማጋዝ ግን ደኑን መግፈፍ ይሆናል፤ ለአንድ ጋሪ ድብልቅ አንድ ባልዲ ይበቃል። ቡቃያው ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ ከ2 እስከ 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ከረጢቱ አዛውሩት። ሲዛወር ሥሩ ተጣጥፎ ከገባ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ እንደተጣጠፈ ይኖራል፤ በእንጨት ጠለቅ ያለ ቀዳዳ አብጁለት፣ የረዘመውን የሥር ጫፍም በምላጭ ቁረጡ።

ቡቃያ ከግንዱ ሥር ጠቁሮና ቀጥኖ ሲወድቅ ብዙዎች ውሃ የጠማው እየመሰላቸው ይጨምሩለታል። በሽታው ግን የመጣው ከውሃ ብዛት ነው። ማጠጣቱን ወደ ማለዳ ብቻ አውርዱ፣ ጥላውን አሳሱ፣ የታመመውን ነቅላችሁ አርቁ። ከተከላው 6 ሳምንት በፊት ጀምሮ ጥላውን ቀስ በቀስ አንሡ፣ ውሃውንም ቀንሱ፣ ከረጢቱን እያነሣችሁ ወደ መሬት የዘለቀውን ሥር በየሁለት ሳምንቱ ቁረጡ።

ተከላው

ኮሶ ብርሃን ወዳድ ነው፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር አትትከሉት። ዝግባ በተቃራኒው ጥላ ይችላል። ጥቁር እንጨት የደን ጠርዝና ክፍተት ይስማማዋል። ወይራን ለመትከል ብላችሁ ደደሆውንና ክትክታውን አትመንጥሩ። ትግራይ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች ቁጥቋጦ ሥር የተተከለ ወይራ ከፀሐይና ከፍየል ተጠልሎ የተሻለ ጸድቋል። ከባሕር ዛፍ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሜትር ራቁ።

በዝቅተኛው የደን ጠርዝ ላይ ሸለቆዎችንና ወደ ሰሜን የዞሩ ተዳፋቶችን ምረጡ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሰሜናዊው ጎን እርጥበቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

ጉድጓዱን 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ዝናቡ ከመግባቱ ከወር በፊት ቆፍሩ፤ የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ሲተከል ከሥር መልሱት። አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ትከሉ። ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ አውጡ፤ ታቹን ብቻ ቆርጦ መተው ሥሩን ያፍነዋል። ከችግኙ በታች በኩል ውሃ የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ እርከን ሥሩለት፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

ከዚያ አጥሩ። በደቡብ ጎንደር ደኖች የተደረገው ጥናት ያረጋገጠው ከብት ከታገደ ቡቃያው እንደሚተርፍ ነው፤ ብዙ አጥቢያዎችም ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደናቸውን አጥረዋል። እረኛና አጥር በሌለበት ቦታ ችግኝ ማፍሰስ ድካም ነው። አጥሩ ካልተሠራ ተከላውን በአንድ ዓመት ማዘግየት ይሻላል።

ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ዓመት ወሳኝ ነው። በልጉ ከቀረ በየ10 እስከ 15 ቀኑ ለእያንዳንዱ ችግኝ 5 ሊትር ያህል አጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚስበው አይረዳም። በመስከረም መጨረሻ ዙሪያውን አርሙ።

በግንቦት ቆጠራ አድርጉ፤ የደረቀውን ሁሉ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። በከረጢቱ ቅርጽ ተጠምጥሞ የቀረ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከጣቢያው ወይም ከከረጢቱ አወጣጥ ነው። ሥሩ ወርዶ ጫፉ ከደረቀ ውሃ አጥሮታል። ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፤ ቦታው መለወጥ አለበት። ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ላዩ የተቀነጠሰ ከሆነ በአጥሩ ላይ ቀዳዳ ፈልጉ። የሐምሌውን መተኪያ ችግኝ የምታዘጋጁት ይህን ካወቃችሁ በኋላ ይሁን።