አክስቴ ጋኑ ፊት ስትቆም፦ በአንጎል ደም ስርና በመርሳት ጉዳይ የምንሳሳታቸው

ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ጠላዋ የታወቀ ነው። አንድ ቀን ጥንስሱ ጋን ውስጥ፣ እንኩሮው ሰፌድ ላይ እየበረደ፣ ዝም ብላ ቆመች። «አሁን ምን ነበር የሚቀጥለው?» አለች። የክርስትና ልጆቿን ስም ግን አንድ በአንድ ትጠራለች።

«ስም ካልረሳች ደህና ናት፣ እርጅና ነው» ተባለ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ትንንሾቹ የአንጎል ደም ስሮች ሲጎዱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዳከመው ሥራን በቅደም ተከተል መያዝና የማሰብ ፍጥነት ነው። እርምጃ ሊያጥር፣ ሽንትም ሊያጣድፍ ይችላል።

ነገሩ ከመስኖ ጋር ይመሳሰላል። የአንጎሉን ክፍሎች የሚያገናኘው ነጩ ክፍል ደም የሚያገኘው በረጃጅምና በቀጫጭን ስሮች ነው። የቆጋን መስኖ ያየ ያውቃል፤ ቦዩ ሲደለል መጀመሪያ የሚጠወልገው ጫፍ ላይ ያለው ማሳ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «አላመመኝም» ብሎ የደም ግፊት ኪኒን ማቆም ነው። አክስቴም ኪኒኑን ትታ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ነበር! ግፊት ምንም ሳያሳምም ስሩን ያደነድነዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው የስፕሪንት ማይንድ ጥናት ላይ፣ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲወርድ የታከሙት ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ የነጩ ክፍል ጉዳታቸው በዝግታ ጨመረ። ቀላል የማሰብ መዳከምም አነሰ። የመርሳት በሽታን ግን ቀንሷል ለማለት ልዩነቱ አልበቃም። ደግሞ 120 ለሁሉም አይሆንም፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው አዛውንት ከሐኪም ጋር ይምከሩ።

ዳገት ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ግፊትን መለካትም ሌላ ስህተት ነው። 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ ወሬ ሳይኖር ይለኩ።

ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ምስል ላይ «ነጭ ነጠብጣብ ታየ» ሲባል፣ ማለትም የነጩ ክፍል ጉዳት ሲታይ፣ ለቅሶ መቀመጥ አያስፈልግም። ከ60 ዓመት በኋላ በብዙዎች ላይ በመጠኑ ይታያል። ሐኪሞች ፋዜካስ በሚባል መለኪያ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ያወጡለታል። 1 እና 3 የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሲቲ ስካን ንጹሕ ነው ማለት ደግሞ ምንም የለም ማለት አይደለም፤ ትንንሹን ጉዳት ሊያልፈው ይችላል።

ውጭ ያሉ የአክስቴ ልጆች «አዲስ የደም ምርመራ አለ» ብለው ደወሉ። እውነት ነው፤ ፕላሰንታል ግሮውዝ ፋክተር የሚባል የደም ስር ፕሮቲን ደም ውስጥ ከፍ ሲል፣ ከነጩ ክፍል ጉዳትና ከማሰብ መዳከም ጋር አብሮ ታይቷል። ይህ ግን ብዙ ሰው ተጠንቶ የተገኘ ዝምድና ነው። በአንዲት ሴት ውጤት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ብሩ ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለቢ12 እና ለታይሮይድ ምርመራ ይዋል አልኳቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ጎድለው ከተገኙ ይታከማሉ።

አሁን ኪኒኗን ከጠዋት ቡና ጋር ትውጣለች። ጠላውን ከታናሽ ልጇ ጋር ትጠምቃለች። «እማዬ፣ አሁንስ?» ትላታለች ልጅቷ። አንዳንዴ ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ጋኑን ትክ ብላ ታያለች።