ሎሽኑ ለምን ተለያየ? ቤት ውስጥ የሚሠራ ሎሽን ችግርና መፍትሄ

መለኪያው እንዲያመች ለ500 ግራም የሚሆን ሎሽን እንያዝ፦ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ 365፣ ግሊሰሪን 15፣ ዘይት 80፣ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ (ውሃና ዘይትን የሚያዋህደው፤ ከዚህ በታች «ዋክስ» የምንለው) 30፣ ሴቲል አልኮል (ሎሽኑን የሚያወፍረው) 5፣ ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጠብቀው) 5 ግራም። ውሃውን ከጋራዥ አትግዙ፤ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ነው።

ውሃና ዘይቱ ተለያየ

በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ነው። ማታ ነጭና ወፍራም ሆኖ ያደረው ሎሽን ጠዋት ከሥሩ ውሃ አቁሮ ይገኛል። ምን እንደገባበት ሲጠየቅ መልሱ «ሰም» ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የንብ ሰም ዘይትን ያጠነክራል እንጂ ብቻውን ውሃን ከዘይት ጋር አያዋህድም። ብሌንደር ሲመታው ለጥቂት ሰዓት የተዋሃደ ይመስላል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኼው ነው። «ንጹህ ነው፣ ከገጠር የመጣ ነው» ቢባል ለውጥ የለውም። ሰም ውሃ ለሌለበት ቅባት ይሁን።

ዋክስ ብለው ሰም የሚሸጡም አሉ፤ የነጣ ሰምም ዋክስም ነጭ ቅንጣት ነው፣ ፌስታል ውስጥ ያለ ስም ሲታሸግ አይለይም። ፍተሻው ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ በደንብ አማስሉ። ዋክስ ከሆነ ውሃው ወተት ይመስላል። ሰም ከሆነ እንደ ዘይት ጠብታ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጋገራል።

ዋክሱ ትክክለኛ ሆኖ ከተለያየ ደግሞ ወይ መጠኑ ነው ወይ ሙቀቱ። በማንኪያ አትለኩ! ቅንጣቱ ትልቅና ትንሽ ስለሆነ ማንኪያ ሙሉው በየጊዜው የተለያየ ክብደት አለው። ግራም የሚያነብ ሚዛን ይኑራችሁ። ዘይቱም ውሃውም ለየብቻ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይሙቁ። ቀዝቃዛ ውሃ በሙቅ ዘይት ላይ ከፈሰሰ ዋክሱ ሳይዋሃድ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ሳይሞቅ ምንም ብትመቱት አይመለስም። የእጅ ብሌንደሩን ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ አጥልቃችሁ፣ እያረፋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ምቱ፤ ከዚያ 40 ዲግሪ እስኪደርስ በማማሰያ ብቻ። ሲቀዘቅዝ በብሌንደር መምታት አረፋ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

የተለያየውን ለማዳን ድስቱን ከነሎሽኑ መዝኑ፣ 75 ዲግሪ አድርሱት፣ የጎደለውን ዋክስ ጨምራችሁ አቅልጡ፣ እንደገና መዝናችሁ በእንፋሎት የጠፋውን በሙቅ ውሃ ተኩና ምቱ። ይኼ የሚሠራው በማግስቱ ለተገኘ ነው። ፕሪዘርቫቲቭ ሳይኖረው ቀናት የቆየ ከሆነ ድፉት። ሰም የገባበትም አይለፋበትም።

ሻገተ፣ ሸተተ

ፕሪዘርቫቲቭ አልገባበትም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሰነፍጥ ይረዳል፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ግን አይገድልም። ስንት ጊዜ ይባላል! ከፌኖክሲኤታኖልና ከኤቲልሄክሲልግሊሰሪን የተሠራው የፕሪዘርቫቲቭ አይነት ከ1 በመቶ አይበልጥም፣ ሎሽኑ ከ40 ዲግሪ ሲወርድ ይገባል። ትኩስ እሬት፣ የሩዝ ውሃ፣ ወተት ለሻጋታ ቀለብ ናቸው፤ አታስገቡ። ሻጋታውን ከላይ ገፍፎ መቀባትም አይሆንም፣ ሥሩ ውስጥ ገብቷል። ዕቃውን በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ፤ ታጥቦ ያልደረቀ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሩውንም ሎሽን ያበላሻል።

ሻጋታ ሳይኖር የቀለም ዓይነት ሽታ ካለው ዘይቱ ነው። የኑግ ዘይት ቶሎ ይሰነፍጣል።

እንደ አሸዋ ይቆረቁራል

በዘይቱ ፋንታ ወይም ከዘይቱ ጋር የገባ ሺያ በተር (ከሺያ ፍሬ የሚወጣ የረጋ ቅባት) ቀስ ብሎ ሲረጋ ነው። እንደገና ሙሉ በሙሉ አቅልጣችሁ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እያማሰላችሁ ፈጥናችሁ አቀዝቅዙ።

ሲቀቡት ነጭ ይሠራል

ሴቲል አልኮሉን ቀንሱ።

ቀጠነ

እስከ ማግስቱ ታገሡ፣ ሲያድር ይወፍራል። ካልወፈረ በሚቀጥለው ሴቲል አልኮሉን 10 ግራም አድርጉና ከውሃው 5 ግራም ቀንሱ። ሰም እንዳትጨምሩ።

ያቃጥላል፣ ያሳክካል

ወዲያው ታጥባችሁ አቁሙ። ብዙ ጊዜ የሎሚ ጭማቂ ወይም ከልክ ያለፈ ሽቶ ዘይት ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ያጠቁራል። «እንዲያቀላ» ብሎ ከፋርማሲ የተገዛ የስቴሮይድ ክሬም ሎሽን ውስጥ መቀላቀል ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፤ እንዲህ ያለውን የሚያስተካክል የቤት መላ የለም፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።