እግራችሁ ቶሎ ከዛለ ማርሹን አቅልሉ

ለመንገድ ብስክሌት አዲስ ከሆናችሁና ጭናችሁ ገና በግማሽ መንገድ የሚዝል ከሆነ፣ ማርሽ አክብዳችሁ ይሆናል። ሜዳ ላይ ስትነዱ አንዱ ጉልበታችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሚመጣ ቁጠሩ። ከ20 እስከ 22 ከሆነ ጥሩ ነው፤ በደቂቃ ከ80 እስከ 88 ዙር ማለት ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ማርሹን አቅልላችሁ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አዙሩ። ፍጥነታችሁ ሳይቀንስ በእያንዳንዱ ዙር የምትረግጡበት ኃይል ያንሳል፤ ጫናው ከእግር ጡንቻ ወደ ልብና ሳንባ ይዞራል። ትንፋሽ ትንሽ ይበዛል፣ አትደንግጡ።

ዳገት ሲመጣ ፔዳሉ ሳይከብድ ቀድማችሁ ቀይሩ። እየታገላችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ይንቋቋል፣ ሊወልቅም ይችላል። ኮርቻው ላይ መንጠር ከጀመራችሁ ግን በጣም አቅልላችኋል፣ አንድ መልሱ። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የኮርቻውን ከፍታ እዩ።