አሜሪካ ውስጥ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ኮሌጅ እንዴት ይምረጥ?

አገር ቤት ሕክምና የሚጀመረው ከሃይስኩል በኋላ ነው። አሜሪካ ግን መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ቀጥሎ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሠለጥኑበት ጊዜ አለ። ኮሌጁ የመጀመሪያው ፌርማታ ነው። እኛ ወላጆች ደግሞ ማኅበር ላይ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለንን መምረጥ ይቀናናል። እባካችሁ ሌላ ነገር እናስቀድም።

ከገንዘቡ ጀምሩ። ኮሌጁ የላከውን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና እስክሪብቶ ያዙ። ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚለውን ክበቡት፤ አይመለስም። ሎን የሚለውን ሰርዙት፤ ብድር ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ስለሆነ እሱንም ሰርዙት። የእህቴን ልጅ ደብዳቤ እንዲህ ስናየው «እርዳታ» ከተባለው ግማሽ ያህሉ ብድር ነበር። ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ የተከበበውን ብቻ ቀንሱና በአራት አባዙ። ተበድረው ሜዲካል ስኩል የሚጨርሱ ብዙዎች 200,000 ዶላር አካባቢ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ላይ የኮሌጅ ዕዳ ሲደረብ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውጤት ነው። ልጁ ጥሩ ጂፒኤ ሊያመጣ የሚችልበት ቦታ ይሁን። የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ነፃ አስጠኚስ አለ? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን ርካሽ ኮሌጅ፣ አትናቁ። ሜሪላንድ ያሉ ልጆች ሞንጎመሪ ኮሌጅ ጀምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ይዛወራሉ፤ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሜዲካል ስኩል ሲያመለክቱ አምካስ በሚባለው፣ ብዙዎቹ ሜዲካል ስኩሎች በሚጠቀሙበት የማመልከቻ ሥርዓት በኩል የኮሌጅ ውጤት ሁሉ ይቆጠራል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁም፣ ሃይስኩል እያሉ የወሰዱት የኮሌጅ ኮርስም፣ ወድቀው የደገሙትም። አንዴ የገባ ሲ አይፋቅም።

«ፕሪሜድ»፣ ማለትም ለሜዲካል ስኩል መዘጋጀት፣ በአብዛኛው ኮሌጅ የትምህርት ክፍል አይደለም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮኬሚስትሪ ከወሰደ ልጁ ታሪክም ማጥናት ይችላል። ከ2015 ወዲህ ኤምካት የሚባለው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ይጠይቃል።

ኮሌጁን ስትጎበኙ «ካመለከቱት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩል ገብተዋል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ቁጥሩን ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ዓመት ላይ ሐኪም እሆናለሁ ካሉት ውስጥ እስከ ማመልከቻው የደረሱት ስንት ናቸው? የድጋፍ ደብዳቤ የማትጽፉለት ተማሪስ አለ? አንዳንድ ኮሌጅ ውጤቱ ደከም ላለ ልጅ ደብዳቤውን ይከለክላል፤ ቁጥሩ የሚያምረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

በአውቶቡስ የሚደረስበት ሆስፒታል መኖሩንም እዩ። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ በሽተኛ አጠገብ ያልዋለ ልጅ ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው ያጣል።

አብዛኞቹ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ልጁ አንድ ቀን ኬሚስትሪ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ። እናንተ ውጭ ጠብቁት፤ ሲወጣ መጀመሪያ እሱ ይናገር።