«በልቻለሁ» ሁልጊዜ «አይ ሃቭ ኢትን» አይደለም

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ፕረዘንት ፐርፌክት (በሃቭ ወይም በሃዝ የሚሠራው የግሥ ጊዜ) ላይ የደረስን ቀን ሰሌዳው ላይ «በልቻለሁ» ብዬ ስጽፍ ክፍሉ በሙሉ «አይ ሃቭ ኢትን!» ይላል። ልክ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

በእኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ቢባል ማንም ቅር አይለውም። ስለዚህ ተማሪዬ በሙሉ ልቡ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ብሎ ይጽፋል። ኧረ በፈጠራችሁ! ሃቭ ያለቀ ቀን አይወድም። የስተርደይ፣ ላስት ዊክ፣ ኢን 2012፣ ከነዚህ አንዱ ከገባ ሃቭ ይውጣ፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ»። ጊዜው ካልተጠራ ወይም ገና ካላለቀ ግን ይቀመጥ። ዚስ ሞርኒንግ እንኳ ጠዋት ላይ ከሃቭ ጋር ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይጣላል። አንዱ «ታዲያ ሶው ካልኩ ‹አየሁት› እንጂ ‹አይቼዋለሁ› አይሆንም» ብሎ ሞገተኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰው እሱ ነው።

«አይ ሃቭ ጎን» ማለት ሲገባው «አይ ሃቭ ዌንት» የሚለውንማ ልለፈው፣ ደም ግፊት አለብኝ።

እኔም አልዳንኩም። ድሮ አንድ ፈረንጅ ለጓደኛዬ ደወለ። ተኝቷል ለማለት «ሂ ሃዝ ስሌፕት» አልኩት። «ጥሩ፣ እንግዲያው አገናኘኝ» አለኝ። ለካ «እንቅልፉን ጨርሷል» ብዬዋለሁ! «ሂ ኢዝ አስሊፕ» ነበር የሚባለው። ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ተቀምጧልም እንዲሁ ናቸው፤ ሃቭን አይፈልጉም።

«ዱባይ ሄዷል» ሲሆን «ሃዝ ጎን» ነው፤ ሰውየው እዚያው ነው። ሄዶ ከተመለሰ «ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ»፣ የእኛው «ሄዶ ያውቃል» ማለት ነው። ፊቴ ቆሞ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዱባይ» የሚለኝን «ታዲያ የማናግረው ማንን ነው?» እለዋለሁ።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትሄዱ፣ «አይ ዎርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ካላችሁ ለቃችኋል ማለት ነው። አሁንም እዚያው ከሆናችሁ «አይ ሃቭ ዎርክድ» በሉ። «ሲንስ ስሪ ይርስ» አይባልም፤ ሲንስ የጀመራችሁበትን ጊዜ ነው የሚፈልገው።

አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ አሁን በላሁ ለማለት «አይ ሃቭ ጀስት ኢትን» በማለት ፈንታ «አይ ጀስት ኤት» ቢላችሁ ግን አትረሙት፤ እዚያ ያስኬዳል።

ስልክ ላይ «መጣሁ፣ መጣሁ» ለማለትም «አይ ኬም» አትበሉ፤ «አይ አም ካሚንግ» ነው። ከቤት ሳትወጡ መሆኑን እኔ አላየሁም።