አባይን በ1,200 ሲሲ፦ ማርሽ መቼ ይቀየራል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ መኪና የገዛ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይዞብኝ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዳገት ላይ አልሄድ ትለኛለች፣ ሞተሯ ደካማ ነው እንዴ?» አብሬው ወጣ ብዬ አያታለሁ። ብዙውን ጊዜ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። አይሱዙ የለመደው የሹፌሩ እግር ነው።

እኛ አካባቢ ብዙ ሰው እጁን ያፍታታው በናፍጣ መኪና ነው። ናፍጣ ሞተር በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ስለዚህ ሹፌሩ ቶሎ ቶሎ ማርሽ ይጨምራል፤ ለናፍጣ ልክ ነው። እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ያለች 1,200 ሲሲ ቤንዚን ግን የመጎተት ጉልበቷ የሚሞላው 4,000 ዙር አካባቢ ነው። በ1,500 አራተኛ አስገብታችሁ ዳገት ውጪ ብትሏት ከየት ታምጣው?

ከፍታውም አለ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ሩቡ ገደማ የለም ማለት ነው። ባሕር ዳር ወርዳችሁ መኪናችሁ ትንሽ ነፍስ የዘራች ከመሰላችሁ፣ ነገሩ እውነት ነው።

ሜዳ ላይ ቀላል ነው። አንደኛ ለመነሳት ብቻ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሁለተኛ፣ 30 ላይ ሦስተኛ፣ 50 ላይ አራተኛ፣ 70 ሲሞላ አምስተኛ። የዙር መለኪያ ካላት 2,500 ሳይሞላ አትጨምሩ። ዳገት ላይ ግን እስከ 3,500 ጠብቁ። ማርሽ በጨመራችሁ ቁጥር ዙሩ በሺህ ገደማ ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ የሚጎትት ነገር መትረፍ አለበት።

መለኪያ ከሌላት በእጃችሁና በጆሯችሁ እወቁት። ሞተር ሲታፈን መጀመሪያ የሚነግራችሁ የማርሹ ዘንግ ነው፤ እጃችሁን ስታሳርፉበት ይነዝራል። ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል። ቤንዚን ስትሰጧት ድምፁ ይወፍራል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንም። ቆርቆሮ ላይ ሽንብራ እንደተበተነ ዓይነት ድምፅ ከመጣማ አሳልፋችኋል። ወዲያው እግራችሁን ከቤንዚኑ አንሱና ማርሽ ቀንሱ። እንዲህ እየተነዳች የምትከርም መኪና ፒስተኗና ብሮንዚኗ አይበረክትም።

«ጋሼ፣ ጮኸች እኮ!» ይሉኛል ሁለተኛ ሳስገባቸው። ትጩህ። 4,000 ላይ የምትጮህ ቤንዚን መኪና ሥራዋን እየሠራች ነው። ቀዩ መስመር ገና ሩቅ ነው።

አሁን ወደ አባይ በረሃ። ከህዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ያውም በጥምዝ ላይ ጥምዝ። እዚህ ዋናው ነገር ቀድሞ መቀነስ ነው። ጥምዙ ሳይደርስ፣ መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ሁለተኛ አስገቡ። ጥምዙ ውስጥ ገብታችሁ፣ መኪናዋ ከቆመች ወዲያ ፍሪሲዮን ብትረግጡ የቀረችውን ግስጋሴ ታጣላችሁ፤ ከኋላ ደግሞ ሲኖትራክ አለ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሦስተኛ ላይ ቤንዚኑን እስከ ታች ረግጣችሁ ፍጥነቱ ከ40 መውረድ ከጀመረ ሁለተኛ። አትከራከሯት። ኤሲውንም አጥፉት፤ ለትንሽ ሞተር ኤሲ ራሱ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ነው። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ሂዱ።

ከባድ መኪና ለመቅደምም መጀመሪያ ሁለተኛ አስገቡና፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይታችሁ ውጡ። ግማሽ ላይ ሆኖ ማርሽ መቀየር የለም። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያንጋደደበት ቦታ ላይ ደግሞ መቅደሙ ራሱ ይቅርባችሁ።

ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ እግር ከቤንዚን ላይ ተነስቶ፣ ፍሬን አልፎ አልፎ። ፍሪ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ ተዉት። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና ስትንደረደር ቤንዚኑን ራሷ ትዘጋለች፤ ፍሪ ስታደርጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ስትል ታቃጥላለች። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ፣ ማርሻችሁ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ማርሽ ስትቀንሱ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ርገጡ፣ ማርሹን አስገቡ፣ ቤንዚን ትንሽ ነካ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ከዚያ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሱት። እግር እያሳረፉበት የሚነዱ ሰዎች ዲስክ ቶሎ ቶሎ ይገዛሉ።

ደጀንን አልፋችሁ ወደ ሉማሜ ስታቀኑ አራተኛና አምስተኛ ያኔ ሥራ ያገኛሉ። ድንገት ከፊት ጋሪ ወይም የአህያ መንጋ ከመጣ በፍሬን ወደ 50 አውርዱና ከአምስተኛ ቀጥታ ሦስተኛ አስገቡ። አራተኛን ተሳልሞ ማለፍ ግዴታ አይደለም።